ዘጠኝ ሮዝ፣ አንድ ነጭ

ደብዳቤው መጣልኝ፣ ማኅተሙ ሳይደርቅ፣
«ከጥቅምት መባቻ ሕንፃው ሮዝ ይድመቅ፣
ግንዛቤ እንዲሰፋ…» እያለ ይሄዳል፤
አምፖል ግዙ አይልም፣ አምፖል ከየት ይመጣል?

እኔ እንደሁ ለምጄዋለሁ፤
አምና ለኤድስ ቀን ቀይ አልብሼዋለሁ፣
ለውኃ ቀን ደግሞ ሰማያዊ ለጠፍሁ፣
ለነጭ በትር ቀን ነጩን እንዳለ ተውሁ፣
አበል ግን ፈረምሁ።

ለዘንድሮው ከስጦታ ሱቅ ሮዝ ላስቲክ ገዛሁኝ፣
ለልደት የሚሆን፣ ኮከብ ኮከብ ያለው።
«ስንት ዓመቷን ያዘች?» ሻጯ ጠየቀችኝ፤
«ዐሥር» አልኋት፣ የጣራውን አምፖል በልቤ ቆጠርሁኝ።

ወጥቼ ጠቀለልሁ፣ በሽቦ ጠፈርሁ፣
ሲመሽ ማብሪያውን ተጫንሁ።
ባጃጅ ቆመ፣ ሙሽሮች ቆሙ፣ ፎቶ ተነሡ፣
ዘንባባዎቹ ሳይቀሩ ሮዝ ሸማ ለበሱ።

ያን ማታ አንድ ሰው ጠፋ።

ለካ ከሐይቁ ላይ፣ ከዘጌ መልስ ማታ፣
አንሙት ዓሣ አጥማጁ፣ በደንገል ታንኳው ላይ ጨለማን ሲረታ፣
ነጩን መብራቴን ከቀኝ ትከሻው ላይ አድርጎ ነው ሲገባ የኖረው፤
ዐሥራ ሰባት ዓመት፣ ስሜን ሳይጠይቀኝ፣ ስሙን ሳልጠይቀው።

ቀና ቢል ነጩ የለም፤
ሮዝ ነገር ቆሟል፣ የማያውቀው ቀለም።
«ወይ እሳት ነው» አለ፣ «ወይ ከተማው ሄደ»፤
ቀዘፈ፣ ዞረ፣ ሳተ፣ እምቦጭ ውስጥ ወረደ።
እምቦጭ እንደሁ አይለቅም፤
አበባው ያምራል፣ እሱም ወደ ሮዝ ያደላል፣ ሥሩ ግን አያልቅም፤
ዛሬ መዳፍ ቢያህል ነገ ዳሩን ሁሉ ይይዛል፣ ፈቃድ አይጠይቅም።

ጎህ ሲቀድ ተላቆ፣ ጭቃውን ሳያጥብ፣ መቅዘፊያውን ሳይጥል፣
መጣ ማዘጋጃ ቤት በር፣ «መብራት ነካኪው ማነው?» ሲል።
«እኔ ነኝ» አልሁት።
«የጡት ካንሰር ወር ነው፣ ታዝዤ ነው» አልሁት።

ዝም አለ። መቅዘፊያው ላይ እጁ ጠበቀ።
ከሱሪው ጫፍ ውኃ ጠብ… ጠብ… ዘበኛው ሳቀ።
«ሰው ይኼን ሮዝ አይቶ፣ ከዚያ ምን ያደርጋል?»
ደብዳቤውን አሰብሁ፤ «ግንዛቤ» ይላል።
«ይኼ ያንተ መብራት…» አለኝ ተጠግቶ፣
ድምፁን እንደ መረብ ከጥልቅ ጎትቶ፣
«…የሚታይ ነው? ወይስ የሚያሳይ?»

የውብዳር፣ ሚስቱ፣ ሐምሌን ይዛ፣
ግራ ጎኗን በነጠላ ጋርዳ፣ ሕመሟን በሥራ አደንዝዛ፣
«እንስራ ነው የጎዳኝ፣ ሸክም ነው» ትላለች፤
ስትተኛ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።
ይኼን የነገረው ለእኔ አይደለም፣ ለመቅዘፊያው ነው።

ደብዳቤውን ገልብጬ ልጽፍለት ስል፣ «አላነብም» አለኝ።
እንደ ሐይቅ መንገድ በቃል ነገርሁት፦
«ውኃውን ከጀርባህ ጣለው፣
ዘንባባውን በቀኝ ትከሻህ ያዘው፣
ፈለገ ሕይወት በል፣ ማንም ያሳይሃል፤
ሰልፍ ካየህ እሱ ነው፣ አትሽሽ፣ ይደርስሃል።
ይዘሃት ሂድ። ዛሬ።»

ማታውን ወጣሁ፤ ሐይቁን የሚያየውን፣ ዐሥረኛውን፣
ፈታሁት፣ ላስቲኩን፣ ሽቦውን።

አቶ ስንሻው፣ አለቃዬ፣ በማግሥቱ ቀና ብሎ አይቶ፣
«አንዷን ምን ነካት?» አለኝ፣ ደረጃው ላይ አግኝቶ።
«ላስቲኩ አለቀ» አልሁት።
ሪፖርቱም ላይ እንዲሁ ጻፍሁት።

አንሙት አልተመለሰም፣ እኔም አልጠየቅሁም።
ሲመሽ ሲመሽ ግን ከጣራው ጫፍ ቆሜ፣
የልደቱ ላስቲክ ኪሴ ውስጥ እየተንኮሻኮሸ፣
ውኃው ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ አያለሁ፣
ነጩን በቀኝ ትከሻዋ ይዛ ወደ ዳር ስትመጣ፤
አንድ ሰው ይሁን ሁለት
ከዚህ ሆኖ አይለይም።